ቤንዝን ወይስ ቶሉን፦ ዲኤንኤን የሚጎዳው የትኛው ነው?

ሁለቱም ቀለምና ማስቲሽ የሚያቀጥኑ፣ ሽታቸውም የሚመሳሰል ፈሳሾች ናቸው። ልዩነታቸው ሰውነት ውስጥ ሲገቡ ነው።

ቤንዝንን (የመኪና ቤንዚን ውስጥም በጥቂቱ አለ) ጉበት ላስወግደው ሲል ጭራሽ ያከፋዋል። ውጤቶቹ ደም የሚመረትበት የአጥንት መቅኔ ደርሰው ቤንዞኪኖን ወደሚባል አደገኛ ነገር ይቀየራሉ። የዲኤንኤን ክር ቆርጦ መልሶ የሚገጥም ኢንዛይም አለ፤ ቤንዞኪኖን እሱን ያደናቅፈዋል። ክሩ እንደተቆረጠ ይቀራል። መጨረሻው የደም ካንሰር ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ቤንዝን ባለበት ማስቲሽ ይሠሩ በነበሩ የኢስታንቡል ጫማ ሠሪዎች ላይ የታየው ይኸው ነው፤ ያሳዝናል።

ቶሉን አንዲት ሜቲል ጭራ (አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅን) አለችው። ጉበት በእሷ በኩል ወደ ሂፑሪክ አሲድ ይለውጠውና በሽንት ይወጣል። ካንሰር አምጪ ተብሎ አልተፈረጀም። አእምሮን ግን ክፉኛ ይጎዳል። ለሥራ ምርጫ ካለ ቶሉን ይሻላል፤ መስኮት መክፈት ግን ግድ ነው።