ጅማ – አዲስ አበባ በአሮጌ ማርቼዲስ፦ 230ኢ ከሦስት ዓመት በኋላ

እማዬ ወገቧን ያማታል። በየሦስት ወሩ አዲስ አበባ ሐኪም ቀጠሮ አላት፤ ወሳጇም መላሿም እኔ ነኝ። ስለዚህ አንድ መኪና ለረጅም መንገድ ጥሩ ነው አይደለም ሲባል መለኪያዬ አንድ ነው። ከጅማ ተነስተን 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድተን አዲስ አበባ ስንገባ እማዬ በራሷ ትወርዳለች ወይስ ደግፌ አወርዳታለሁ?

በቪትዝ ሄደናል። በኮሮላም ሄደናል። በሚኒባስ የሄድንበትን ቀን ባላነሳው ይሻላል። ላለፉት ሦስት ዓመታት ግን የምንመላለሰው ከአጎቴ በገዛሁት ማርቼዲስ 230ኢ ነው። እ.ኤ.አ. የ1990 ስሪት፣ ደብልዩ 124 የሚባለው፣ ባለ አምስት ማርሽ ማኑዋል። ከዚህ መኪና እማዬ በራሷ ትወርዳለች፤ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ቦርሳዋን ራሷ ይዛ። ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው፣ ቀሪው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

መኪና የሚወዱ ሰዎች "ጂቲ" ሲሉ ሰምታችኋል። ግራን ቱሪዝሞ ማለት ነው፣ ጣሊያንኛ ነው፤ ትልቅ ጉዞ እንደማለት። ሐሳቡ ቀላል ነው። እየፈጠነ ሩቅ የሚሄድ፣ ግን ሰውን የማያደክም መኪና። ላንቺያ አውሬሊያ ቢ20 እ.ኤ.አ. በ1951 ስትወጣ ጂቲ የሚለውን ስም ይዛ ነው የታወቀችው። በዓመቱ እንግሊዞቹ ቤንትሌይ ኮንቲኔንታልን አመጡ፤ አራት ሰው ከነሻንጣው ይዛ አገር ታቋርጣለች። እውነተኛ ጂቲ ሁለት በር ነው የሚሉ አሉ፤ በስያሜው ልክ ናቸው። የእኔ አራት በር አለው፣ ሲታይም የመሥሪያ ቤት መኪና ነው የሚመስለው። ሥራው ግን ያው ነው።

ስሙ ጣሊያንኛ መሆኑ ደግሞ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ፍሬቻ እያልን ነው መኪና የምናሠራው። የአዲስ አበባ ጅማን የመኪና መንገድም በወረራው ዘመን የሠራው ጣሊያን ነው። መንገዱ ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ታድሷል፤ ተራራውና ገደሉ ግን ያው ነው፣ መኪናን የሚፈትነውም እሱ ነው።

አሁን ወደ መንገዱ። ጧት 12 ሰዓት ከጅማ እንወጣለን። ሰርቦ፣ አሰንዳቦ፣ ሰኮሩ። እስከዚያ ድረስ እማዬ ታወራለች፣ በዚህ መኪና ውስጥ ማውራት ይቻላልና። በ100 ስሄድ እንኳ ድምፄን ከፍ ማድረግ አያስፈልገኝም። ንፋሱ በመስታወቱ ጥግ ሲያፏጭ አይሰማም። የማርቼዲስ መሐንዲሶች ይህን ሞዴል ሲሠሩ ንፋስ በቀላሉ እንዲንሸራተትበት ብዙ ደክመዋል፤ በዚያ ዘመን ከነበሩት የቤት መኪኖች ሁሉ ንፋስን በመቁረጥ ከፊተኞቹ ነበር። በሩን ስትዘጉት ራሱ "ዱብ" ነው የሚለው፣ "ቿ" አይልም።

ወንበሩ መጀመሪያ ስትቀመጡበት ይጠነክራል። የገዛሁ ሰሞን ቅር ብሎኝ ነበር። በኋላ አንዱ ጎን ሲረግብ ጋራዥ ውስጥ አስከፈትኩትና አየሁት። ከሥር እንደ አልጋ ሽቦ የብረት ስፕሪንግ ተደርድሯል፣ ከላዩ በላስቲክ የተያያዘ ቃጫ መሰል ወፍራም ፍራሽ አለ፣ ከዚያ ጨርቁ። ስፖንጅ ብቻ አይደለም። ስፖንጅ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይሰምጥና ወገብ ባዶውን ይቀራል። ይሄኛው ግን ሰባት ሰዓት ሙሉ ወገብን ከሥር እየገፋ ይዞ ይቆያል። እማዬ ቪትዝ ውስጥ ትራስ ነበር የምትይዘው፣ አሁን ትራሱ ቤት ቀርቷል።

ሌላው ርዝመቱ ነው። ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ 2.8 ሜትር ነው። የመጀመሪያው ቪትዝ 2.37 ሜትር ነው። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፣ አስፋልቱ የተበላበት ቦታ ላይ ግን ትልቅ ነው። አጭር መኪና የፊቱ ንዝረት ሳይበርድ የኋላው ይከተላል፣ አንገታችሁ ይወዛወዛል። ረጅሙ ሰፋ አድርጎ ይረግጣል። የኋላው ጎማ ደግሞ እያንዳንዱ ለብቻው በአምስት የብረት ክንዶች ነው የተያዘው። ይህን አሠራር ማርቼዲስ እ.ኤ.አ. በ1982 በትንሿ 190 ጀምሮት ነው ወደዚህኛው ያመጣው። አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ሌላው አይረበሽም። በእጃችሁ መሪው ላይ ትሰሙታላችሁ፣ ወገባችሁ ላይ ግን አይደርስም።

ከሳጃ በኋላ ቁልቁለቱ ይመጣል። ወደ ጊቤ መውረድ። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፣ ጊቤ ድልድዩ ጋ ወደ 1,100 ገደማ ትወርዳላችሁ፣ ከዚያ እንደገና እየወጣችሁ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ። አራቱም እግር የዲስክ ፍሬን ነው፣ ጥሩ ይይዛል፤ እኔ ግን በሦስተኛ ማርሽ አስሬ ነው የምወርደው። እባካችሁ እናንተም በማርሽ ውረዱ። ፍሬን ረግጦ የሚወርድ መኪና ሽታው ከሩቅ ይሰማል፣ ከኋላው መሆንም ያስፈራል።

ከፍታው ሲቀንስ ሞተሩም ይነቃል። ይሄን የምለው በስሜት አይደለም። ሞተሩ 2.3 ሊትር፣ አራት ሲሊንደር፣ ካታሊስት የሚባለው የጭስ ማጣሪያ የሌለው ስለሆነ 136 የፈረስ ጉልበት አለው። ይህ ቁጥር ግን ለባሕር ወለል ነው። ቱርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ) የሌለው ሞተር አዲስ አበባ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳበት ከጉልበቱ አንድ አራተኛ ያህሉን ያጣል። ጊቤ ስትወርዱ ከጠፋው ግማሽ ያህሉ ይመለሳል። ድልድዩን ተሻግሬ ወደ ወልቂጤ አቅጣጫ መውጣት ስጀምር ሲኖትራክ ከፊቴ ቢኖር፣ መንገዱ ክፍት መሆኑን አይቼ ሦስተኛ አስገባለሁ፣ ይሄዳል። አዲስ አበባ ዳርቻ ሰበታ ላይ ተመሳሳዩን ብሞክር ግን ያመነታል። ይሄን ሳያውቁ መቅደም አደገኛ ነው፤ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለቱንም ጊዜ ተመልሼ ገብቻለሁ፣ ከዚያ ወዲህ ታግሼ ነው የምሄደው።

ወልቂጤ ቁርስ እንበላለን። ክትፎ በጧት ይከብዳል ለሚል ሰው መልስ የለኝም። ከዚያ እማዬ ትተኛለች። ወሊሶን፣ ቱሉ ቦሎን ሳታይ ሰበታ መጨናነቁ ውስጥ ስንገባ ነው የምትነቃው። "ደረስን እንዴ ልጄ?" ትለኛለች። ሰው በመኪና ውስጥ እንቅልፍ ከወሰደው፣ ያ መኪና ሥራውን ሠርቷል።

ስለ ዝናብ ሳልናገር አላልፍም፣ የጅማ ሰው ነኝና። የፊት መስታወት መጥረጊያው አንድ ብቻ ነው። ሁሉም ሰው "አንዱ ተሰብሮ ነው?" ይለኛል። አይደለም። ሲዞር ጥግ ላይ ሲደርስ ክንዱ ይዘረጋል፣ መሃል ላይ ደግሞ ይሰበሰባል። እንዲህ እያለ ከመስታወቱ 86 በመቶውን ያጸዳል። ነሐሴ ላይ አሰንዳቦ አካባቢ ሰማዩ ሲደፋ፣ መኪኖች ዳር ይዘው ሲቆሙ እኔ ቀስ ብዬ መንገዱን እያየሁ ነድቻለሁ።

እኔ በግሌ በጣም የምወደው ግን ሰልባትዮው፣ የነዳጅ መያዣው ነው። 70 ሊትር ይይዛል። ረጅም መንገድ ላይ በሊትር ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄድልኛል፤ ማለትም ጅማ ሞልቼ ወጥቼ፣ አዲስ አበባ ደርሼ፣ ቀጠሮው ካለቀ በኋላ ማደያ ሳልሰለፍ ጅማ እመለሳለሁ፣ ከተማ ውስጥ ብዙ ካልዞርኩ። የቤንዚን ሰልፍ ውስጥ ግማሽ ቀን የቆመ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። በሽተኛ ይዞ መሰለፍ ደግሞ ሌላ ነው።

አሁን ችግሩን ልንገራችሁ፣ ብዙ ነውና።

ይህ መኪና ቆሻሻ ቤንዚን አይወድም። ነዳጅ የሚያከፋፍለው ክፍል በጣም ቀጫጭን ቀዳዳዎች አሉት፣ ትንሽ ውሃ ወይም አቧራ ከገባ ሲሊንደሮቹ እኩል አያገኙም። ባለፈው ዓመት ጅማ ላይ ቤንዚን ጠፍቶ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ ገዛሁ፣ አራት ሃይላንድ። ቀጠሮው ነገ ነው፣ ምን ላድርግ። አበልቲ አካባቢ መኪናው ማሳል ጀመረ። ከዚያ ጭራሽ ጠፋ። ፀሐዩ አናት ላይ ነው፣ እማዬ ከኋላ ተቀምጣለች። ፊልትሮውን ፈትቼ በእጄ ላይ ስደፋው ከቤንዚኑ ሥር እንደ እንባ የሚንከባለል ውሃ አየሁ። ፊልትሮውን አራግፌ መልሼ ገጠምኩት፣ እየተንገጫገጨ ወልቂጤ ገባን። እማዬ ምንም አላለችኝም፣ በነጠላዋ ጫፍ ፊቴን ጠረገችልኝ። ከዚያ ቀን በኋላ በሃይላንድ ገዝቼ አላውቅም። ከቀጠሮው ሦስት ቀን ቀደም ብዬ እሰለፋለሁ፣ ሞልቼ አቆመዋለሁ፣ አልነካውም።

ሁለተኛው ዕቃ ነው። አዲስ አበባ ካለ አንድ መለዋወጫ ሱቅ ኦሪጅናል ተብዬ አራት አሞርዛተር (የመኪናውን ዝላይ የሚያበርደው) ገዛሁ። ካርቶኑ ኦሪጅናል ይመስላል። በሦስተኛው ወር ሁለቱ ዘይት አፈሰሱ። ይዤ ስመለስ "የመንገዱ ነው" አሉኝ። በጣም ነው ያናደደኝ፤ ገንዘቡ ብቻ አይደለም፣ መኪናው እየዘለለ እማዬን ያጉላላት በእነሱ ምክንያት ነው። አሁን ጅማ ያለው መካኒኬ ጋሼ ሳያየው ምንም ዕቃ አልከፍልበትም። ፎቶ እልክለታለሁ፣ ቁጥሩን ያነብባል፣ ግዛ ወይም ተወው ይለኛል።

ሌላም አለ። ኤሲው አይሠራም። ለማስጠገን ዳሽቦርዱ በሙሉ መውረድ አለበት ተብያለሁ፣ ትቼዋለሁ፣ ጊቤ ላይ መስኮት እንከፍታለን። መሪው መሃል ላይ ትንሽ ላላ ይላል፣ ከአዲሶቹ መኪኖች ለመጣ ሰው መጀመሪያ ያስደነግጣል። በሌላ በኩል የፊት ጎማዎቹ በጣም ስለሚታጠፉ ጅማ ሂርማታ ገበያ በባጃጅ መሃል ሲዞር ከትንንሾቹ አይተናነስም። ከሥሩ ዝቅ ያለ ነው። አጋሮ ድረስ አስፋልት ነው፣ ይሄዳል፤ ከዚያ ወደ ገጠር ልታጥፉ ከሆነ ግን ይህን መኪና አትውሰዱት፣ በክረምትማ ጨርሶ።

ኤሌክትሪክ መኪና ለምን አትገዛም የሚሉኝ አሉ። እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ስለተከለከለ ጥያቄው ተገቢ ነው። እነሱ ከፍታ አያሸንፋቸውም፣ ድምፅ የላቸውም፣ በዚህ ይበልጡኛል። ቻርጅ ማድረጊያ በየከተማው መንገዴ ላይ ሲደረደር እኔም አስብበታለሁ። ዛሬ ግን እማዬን ይዤ ሰኮሩ ላይ ባትሪ አልቆብኝ መብራት መጥፋቱን መስማት አልፈልግም።

ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ዋጋ አልጠራም፣ ዛሬ የጻፍኩት ነገ አይሠራም። ከሥር ግን ግቡና እዩ። ክሪክ የሚገባበት ቦታ ዝገት ካለው ተዉት። ከሞተሩ ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ ጫፍና ጫፉ ላይ የላስቲክ ዲስክ አለው፤ ከተሰነጠቀ ማርሽ ስትቀይሩ ከሥር "ደግ" ይላል፣ ቶሎ ካልተቀየረ መንቀጥቀጡ ሌላውንም ያበላሻል። ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ካወጣ ጠይቁ። ሞተሩን ቀዝቃዛ እያለ አስነሱት፤ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆት ከጠበቃችሁ ነገ እመለሳለሁ በሉት።

የሚቀጥለው ቀጠሮ ኅዳር መጨረሻ ነው። የእኔም የኋላው የላስቲክ ዲስክ መሰንጠቅ ጀምሯል። ዕቃው ትናንት በአውቶቡስ ደርሶልኛል፣ ጋሼም ቁጥሩን አይቶ ይሆናል ብሏል፣ ቅዳሜ ጧት ይገጥመዋል።