ሰማያዊው ቱታና ተተኪው፦ በኤሌክትሪክ የሚሞቁ ሁለት የበረራ ልብሶች ሲመዘኑ

በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጣሪያ በሌለው መቀመጫ ይበሩ የነበሩ አብራሪዎች ፊታቸውን ስብ ተቀብተው፣ ገላቸውን በቆዳና በፀጉራም ልብስ ጠቅልለው ቢነሡም፣ ከፍታው 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀዘቅዝ መደራረቡ ብቻውን አላዋጣቸውም። የማሞቂያ ሽቦ የተዘረጋበት ልብስ ወደ ጦርነቱ መጨረሻ ብቅ ያለው በዚህ ምክንያት ነው። እዚህ የምመዝናቸው ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ሠራተኞች የለበሷቸውን፣ ኤፍ-1 እና ኤፍ-3 የተባሉትን ልብሶች ነው።

ኤፍ-1 ከላይ እስከ ታች ወጥ የሆነ ውሃ ሰማያዊ ቱታ ሲሆን፣ በመልኩ ምክንያት «ሰማያዊዋ ጥንቸል» የሚል ቅጽል ወጥቶለታል። በአውሮፕላኑ 24 ቮልት ኤሌክትሪክ ይሞቃል፤ ከላዩም ሌላ ልብስ ይደረብበታል። እስከዚህ የሚነቀፍ ነገር የለውም። ጉዱ ያለው ሽቦው ላይ ነው፤ ጓንቱም ጫማውም ቱታውም በተከታታይ ስለተያያዙ አንዱ ሲቋረጥ ሁሉም ይቀዘቅዛል። በቢ-17 ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ክፍት የጎን መስኮት ላይ ቆሞ፣ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ የደረሰ ነፋስ ለሚገርፈው መትረየስ ተኳሽ፣ በቀኝ ጓንቱ ውስጥ የተበጠሰች አንዲት ቀጭን ሽቦ የእግሩን ሙቀት ጭምር ትወስድበታለች። ይህን የነደፈ ሰው ልብሱን ለብሶ መትረየስ የተኮሰ አይመስለኝም።

ኤፍ-3 ጃኬትና ሱሪ ሆኖ ተለያይቷል፤ ከሁሉ በላይ ግን የሽቦው አያያዝ ትይዩ በመሆኑ ጓንቱ ቢበላሽ ሌላው መሞቁን ይቀጥላል። ያለ ማመንታት የምመርጠው እርሱን ነው። ሆኖም ሽቦ ሽቦ ነውና፣ ተጨማድዶ ከተቀመጠ ክርንና ጉልበት ላይ ይሰበራል፤ የተጎዳው ቦታም አንዳንዴ ከመቀዝቀዝ ይልቅ ገላን ያቃጥላል። ከመነሣት በፊት ለብሶ መቆየትም አይመከርም፤ መሬት ላይ የወጣው ላብ ሰማይ ላይ በረዶ ይሆናልና።

ጓንቱ ሌላ ጣጣ አለው። መትረየስ ሲነክስ በወፍራም ጓንት ማላቀቅ ስለማይመች ተኳሹ ያወልቀዋል፤ ባዶ ጣቱም ከቀዘቀዘው ብረት ጋር ይጣበቃል። ከሥር የሚደረገው ስስ ጓንት የግድ የሆነው ለዚህ ነው።

በፓራሹት ለዘለለ ሰው ደግሞ ሙቀቱ ሶኬቱ ከተነቀለባት ቅጽበት ጀምሮ የለም፤ የሚሞቀው ጫማም ለእግር መንገድ አይሆንም። ብዙዎች የወታደር ጫማቸውን ከፓራሹቱ መታጠቂያ ጋር አስረው ይበሩ ነበር።