የዴልሂ ቸካዮች ወርሃዊ መጽሔት፦ 120 ሩፒ ያወጣል ወይ?

ዴልሂ ሙከርጂ ናጋር የሚባል ሰፈር ሁለት ዓመት ተኩል ኖሬ እስካሁን የጻፍኩት ስለ ሞሞና ስለ ሻይ ብቻ ነው፣ የሰፈሩ ዋና ሸቀጥ ግን ምግብ አይደለም፣ ወረቀት ነው። ዛሬ ወረቀቱን ልገምግምላችሁ፣ በተለይ ለህንድ ሲቪል ሰርቪስ ፈተና (ከፍተኛ የመንግስት ስራ የሚያስገባው ፈተና) የሚቸክሉ ልጆች በየወሩ የሚገዙትን የከረንት አፌርስ፣ የወቅታዊ ጉዳዮች መጽሔት። ስሙን አልጠራም ምክንያቱም የማማርረው ነገር አለ፣ ደግሞም እዚህ የሚሸጡት አራት አምስቱ መጽሔቶች ከሽፋናቸው በቀር የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

ከጂቲቢ ናጋር ሜትሮ ወጥታችሁ በኢ-ሪክሾ (የኤሌክትሪክ ባጃጅ) ባትራ የሚባለው ቦታ ጋ ስትወርዱ መጀመሪያ አይናችሁ የሚያርፈው ግድግዳው ላይ ነው። ፈተናውን ያለፉ ልጆች ፎቶ እንደ ምርጫ ፖስተር ከላይ እስከ ታች ተለጥፏል፣ አንዷን ልጅ ሦስት የተለያየ ማሰልጠኛ ግድግዳ ላይ "የኛ ተማሪ" ተብላ አይቻታለሁ፣ ሦስቱም ጋ በዚያው ሸሚዝ። ከስሩ ፎቶኮፒ ቤቶቹ ናቸው። የ6 ኪሎን ፎቶኮፒ ቤቶች የሚያውቅ ሰው እነሱን በሃያ ያባዛና የሳሞሳ ዘይት ሽታ ይጨምርበት፣ በቃ እሱ ነው። ሻጩን "ብሃያ (ወንድሜ እንደማለት) የዚህ ወር መጣ?" ስትሉት ቀና ብሎ እንኳን ሳያያችሁ ከክምሩ መዞ ያቀብላችኋል፣ አንዳንዴ ከማሽኑ ገና ስለወጣ እንደ ዳቦ ይሞቃል። 120 ሩፒ። በስፓይራል ከፈለጋችሁ 30 ጨምሩ፣ ጨምሩ እላለሁ ምክንያቱም በስቴፕለር የተያዘው ሳምንት አይቆይም።

እኔ ራሴ ተፈታኝ አይደለሁም፣ ለፒኤችዲ ነው የመጣሁት፣ ሩምሜቴ ናት ተፈታኟ። የፓትና ልጅ ናት፣ ዘንድሮ አራተኛ ሙከራዋ ነው፣ እኔን "ዲዲ" ነው የምትለኝ፣ ታላቅ እህት እንደማለት። ፈተናውን ለማታውቁት ባጭሩ፣ 1 ሚሊዮን ገደማ ሰው ይመዘገባል መጨረሻ ላይ የሚያልፈው 1000 ገደማ ነው፣ የ2023ቱን 1016 ሰው ነው ያለፈው። መጀመሪያ ፕሪሊምስ አለ፣ ዋናው ወረቀት 100 የምርጫ ጥያቄ በ2 ሰዓት ነው፣ ከተሳሳትክ የጥያቄውን ነጥብ ሲሶ ይቀንሱብሃል፣ ስለዚህ እንደኛ ማትሪክ ሰዓት ሲያልቅ የቀረውን ሁሉ ሲ ብሎ ማጥቆር የለም። ከዚያ ሜይንስ፣ 9 ወረቀት በእጅ ጽሁፍ። ከዚያ ኢንተርቪው። ጄነራል የሚባለው፣ ኮታ የሌለው ምድብ ውስጥ ያለ ሰው 6 ጊዜ ብቻ ነው መሞከር የሚችለው፣ እድሜው 32 ካለፈ ደግሞ በቃ አለቀ።

የሚገርመው ይሄ ሁሉ የወረቀት ገበያ የቆመው በአንድ መስመር ላይ ነው። የፕሪሊምስ ሲላበስ የመጀመሪያው መስመር "አገራዊና ዓለም አቀፋዊ ፋይዳ ያላቸው ወቅታዊ ክስተቶች" ይላል፣ ሌላ ማብራሪያ የለውም። ታሪክ ቢሆን መጽሐፍ አለው፣ ሕገ መንግስቱም አንቀጹ ይቆጠራል፣ "ወቅታዊ ክስተት" ግን ከየት እስከ የት ነው? ያ ጭንቀት ነው የሚሸጠው።

ወደ መጽሔቱ ልግባ። 130 ምናምን ገጽ ኤ ፎር ነው፣ በሁለት ዓምድ የተጻፈ፣ ፊደሉ ጉንዳን ያክላል (መነጽር ያደረግኩት እዚህ መጥቼ ነው፣ ምክንያቱን እናንተው ገምቱ)። ፖለቲካና ሕገ መንግስት፣ የውጭ ግንኙነት፣ ኢኮኖሚ፣ ጸጥታ፣ አካባቢ፣ ሳይንስ፣ ባህል፣ ኤቲክስ ብሎ ይከፋፈላል፣ ከሜይንስ ወረቀቶች ጋር እንዲገጥም ነው። እያንዳንዱ ጽሁፍ "ለምን ዜና ሆነ?" በሚል ሳጥን ይጀምራል፣ ለኔ የመጽሔቱ ትልቁ ጸጋ ያ ሳጥን ነው። ሁለት መስመር ብቻ ነው ግን ሰው ዜና ሲያይ መጀመሪያ ሊጠይቀው የሚገባውን ይጠይቃል።

ለምሳሌ የኤሌክቶራል ቦንዱን፣ ለፓርቲ ገንዘብ የሚሰጥበትን ሰነድ ጉዳይ ሩምሜቴ ከድሮ ቅጂዎቿ አውጥታ አሳይታኝ ነበር። ፌብሩዋሪ 15፣ 2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አሰራሩን ሻረው፣ ጋዜጣ የሚያነብ ሰው እዚህ ድረስ ያውቃል። መጽሔቱ ግን ወደ ኋላ ይወስድሃል፣ በ2018 እንዴት እንደተጀመረ፣ ሰው ወይም ኩባንያ ከስቴት ባንክ ቦንድ ገዝቶ ስሙ ለሕዝብ ሳይገለጽ ለፓርቲ ይሰጥ እንደነበረ፣ አምስቱ ዳኞች በሙሉ ድምጽ የሻሩት የመራጩን የማወቅ መብት ይነካል ብለው መሆኑን፣ መብቱ ከአንቀጽ 19 እንደሚመዘዝ። ከዚያ የመንግስት ክርክር፣ የተቃዋሚዎቹ ክርክር፣ ሁሉም ሁለት ገጽ ላይ። እኔ የውጭ ሰው ሆኜ በአስር ደቂቃ ገባኝ፣ ቲቪያቸው ላይ ስምንት ሰው በስምንት መስኮት ሲጯጯህ ሳምንቱን ሙሉ አይቼ ያልገባኝ ነገር ማለት ነው።

ግን ጽሁፉ መጨረሻ ላይ "ወደፊት ምን ይደረግ" የሚል ክፍል አለላችሁ፣ እሱን ስታነቡ አገራችሁ የገባችሁ ነው የሚመስላችሁ። ባለድርሻ አካላትን ማሳተፍ፣ ግንዛቤ ማስጨበጥ፣ አቅም መገንባት፣ ቴክኖሎጂ መጠቀም። ስለ ጎርፍ ይሁን ስለ ባንክ ብድር ይሁን ስለ ነብር ጥበቃ መድኃኒቱ ያው ነው፣ ልክ የኢቢሲ የዎርክሾፕ መዝጊያ ዜና። ሩምሜቴን "ይሄን እውነት ፈተና ላይ ትጽፊዋለሽ?" ስላት "ዲዲ እኔም እጽፈዋለሁ፣ ሌላውም ይጽፈዋል፣ አራሚው ደግሞ ያሳዝነኛል" አለችኝ።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ። እኛ እኮ ይሄ መጽሔት ውስጥ ብዙ ጊዜ እንወጣለን። የአፍሪካ ህብረት ሴፕቴምበር 2023 እዚሁ ዴልሂ ላይ ጂ20 ሲገባ፣ ኢትዮጵያ ጃንዋሪ 1፣ 2024 ብሪክስን ስትቀላቀል፣ የአባይ ግድብ ሴፕቴምበር 2025 ሲመረቅ። የ2022 ፕሪሊምስ ላይ ደግሞ "ዜና ላይ የሚነሱ አካባቢዎች" ብሎ አናቶሊያ ቱርክ፣ አማራ ኢትዮጵያ፣ ካቦ ዴልጋዶ ስፔን፣ ካታሎኒያ ጣሊያን፣ ስንቱ በትክክል ተዛምዷል የሚል ጥያቄ መጥቶ ነበር (ሁለቱ ብቻ)። ሩምሜቴ ያኔ የመጀመሪያ ሙከራዋ ነው፣ "ሃማራ" በሂንዲ "የኛ" ማለት ስለሆነ ቃሉን አይታ የሆነ የህንድ ቦታ መሰላት፣ ሳተችው፣ ሲሶ ነጥቧን ከፈለች። እኔን ባወቀች ጊዜ መጀመሪያ የነገረችኝ ይሄን ነው፣ ካሳ የምትጠይቀኝ ነበር የምትመስለው።

በዓመቱ ደግሞ ዶንባስ ሶሪያ፣ ካቺን ኢትዮጵያ፣ ትግራይ ሰሜን የመን ብለው አጣምመው ጠየቁ፣ መልሱ አንዱም ትክክል አይደለም ነው። ይሄኛውን ሳየው አልሳቅኩም። የአክስቴ ልጅ መቀሌ ሆና ስልክ ተቆርጦ ወራት ሙሉ ትኑር አትኑር ሳናውቅ የተጨነቅንበት ነገር እዚህ 2 ነጥብ ነው። የነሱ ጥፋት አይደለም፣ እኔም የካቺንን ሰው ስቃይ አላውቅም ነበር፣ የሚያንማር ክልል መሆኗንም ያወቅኩት ከዚያ ጥያቄ ነው።

ስህተቱን ልንገራችሁ፣ እዚህ ላይ ነው የምናደደው። ስለ ግድቡ በተጻፈው ላይ 5,150 ሜጋ ዋት የሚለውን በትክክል አስቀምጠው ሲያበቁ "በነጭ አባይ ላይ" ብለው አረፉት! ከጎኑ ያለው ካርታ ደግሞ ኢትዮጵያን ቀይ ባህር አስነክቷታል፣ ደስ የሚለው ሰው አይጠፋም ግን ኤርትራ ከ1993 ጀምሮ ነጻ አገር ናት፣ ነገ "ወደብ አልባ የሆኑት የትኞቹ ናቸው" ብሎ ቢመጣ ልጅቷ እንደገና ልትከፍል ነው። ኢሜይል ጻፍኩላቸው፣ "ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን" የሚል የማሽን መልስ መጣ፣ የዓመቱ ጥቅል ሲወጣ ነጩ አባይ እዚያው ቁጭ ብሏል። እኔን ያሳሰበኝ የኛ ነገር ብቻ አይደለም፣ የማውቀው ላይ ሁለት ስህተት ካገኘሁ የማላውቀው ላይ ስንት አለ?

እንዳልበድላቸው ግን ጎበዝ የሆኑበትንም ልናገር። ኖቬምበር 23፣ 2025 አፋር ላይ ሃይሊ ጉቢ የሚባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ አመዱ ቀይ ባህርን ተሻግሮ በየመንና በኦማን አድርጎ ዴልሂ ሰማይ ላይ መጣ፣ በረራ ተሰረዘ፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ኢትዮጵያዊት መሆኔን ትዝ አለው፣ ሻይ ሻጩ ሳይቀር "አመዳችሁን ሰብስቡ" እያለ ሲቀልድብኝ ሰነበተ። ጋዜጦቹ ሁለት ቀን ስለ በረራው አወሩና ተዉት። መጽሔቱ በወሩ ሦስት ገጽ ሰጠው። አፋር ላይ ሦስት የመሬት ሳህኖች፣ የአረቢያ፣ የኑቢያና የሶማሊያ፣ እንዴት እየተራራቁ እንደሚለያዩ በንድፍ ስሎ፣ እሳተ ገሞራው ሰፊና ለጥ ያለ አይነት መሆኑን፣ አመድና ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ያን ያህል ከፍታ ሲደርስ የላይኛው ነፋስ እንዴት ወደ ምስራቅ እንደሚነዳው፣ አመድ የአውሮፕላን ሞተር ውስጥ ገብቶ ለምን እንደሚቀልጥ። ኤርታሌን ፎቶ ላይ አይቼ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ ስምጥ ሸለቆን ስምንተኛ ክፍል ሸምድጄ ዘጠና አምጥቻለሁ፣ ግን አገሬ ለምን እንደምትሰነጠቅ የገባኝ በ120 ሩፒ የዴልሂ ፎቶኮፒ ነው። ስልክ ደውዬ ለአባቴ ሁሉ አስረዳሁት፣ "ለዚህ ነው ህንድ የላክንሽ?" አለኝ።

አገልግሎቱን በተመለከተ፣ ቤት ድረስ እናመጣለን የሚለውን እንዳትሞክሩት። የስድስት ወር ከፍዬ የመጀመሪያው ቅጂ ሌላ ፒጂ (ተማሪ የሚከራየው ማደሪያ) ሄደ፣ ሁለተኛው የደረሰው የሚቀጥለው ወር ፎቶኮፒ ቤት ከወጣ በኋላ ነው፣ ገንዘቤን መልሱ ስላቸው መደወያው ላይ ሙዚቃ አስደመጡኝ። መጽሔቱ ራሱ ድሮም ዘግይቶ ነው የሚወጣው፣ የዲሴምበሩን የምታገኙት ጃንዋሪ እየተጋመሰ ነው። ፒዲኤፉ ኢንተርኔት ላይ በነጻ አለ፣ 120ዋ የወረቀቱና የብሃያ ናት።

የት ይነበባል የሚለውም አንድ ራሱን የቻለ ወጪ ነው። ቤት ጠባብ ስለሆነ ልጆቹ በወር ከፍለው ወንበር የሚይዙበት ንባብ ቤት አለ፣ ብዙው ምድር ቤት ነበር። ጁላይ 27፣ 2024 ኦልድ ራጂንደር ናጋር አንዱ ምድር ቤት ውስጥ የዝናብ ጎርፍ ገብቶ ሦስት ተፈታኞች ከሞቱ በኋላ የኛ ሰፈሩ ተዘግቶ ሦስተኛ ፎቅ ወጣ፣ ዋጋውም አብሮ ወጣ። ሩምሜቴ አሁንም ዝናብ ሲጀምር ደብተሯን ትሰበስባለች፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆና።

እሷ እንዴት እንደምትጠቀምበት ልጻፍና ልጨርስ፣ ከኔ እሷ ትሻላለች። የመጀመሪያው ሙከራዋ ላይ መጽሔቱን እንደ ዳዊት ደገመችው፣ በሃይላይተር ቢጫ ቀብታ ቀብታ ያልተቀባው መስመር ነበር ጎልቶ የሚታየው፣ ወደቀች። አሁን ጠዋት አንድ ሰዓት ጋዜጣ ታነባለች፣ በእርሳስ ብቻ፣ የገባትን በራሷ ቃል ግማሽ ገጽ ትጽፋለች፣ ወሩ ሲያልቅ መጽሔቱን ገዝታ ያመለጣትን ብቻ ፈልጋ ትጨምርበታለች፣ የቀረውን አታየውም። "ወደፊት ምን ይደረግ"ን ቀድዳ ነው የምትጥለው። መጽሔቱ ለማን ይሆናል ካላችሁኝ እንዲህ አይነት ሰው ጋ ነው ስራውን የሚሰራው፣ ጋዜጣ ላለማንበብ ብሎ ለሚገዛው ግን 120 ሩፒው ለሞሞ ቢውል ይሻላል። ህንድ ለምትመጡ የኛ ተማሪዎች ግን፣ በተለይ ፖለቲካል ሳይንስና ዴቨሎፕመንት ለምታጠኑ፣ የመጀመሪያ ሴሚስተር ሦስት ቅጂ አንብቡ፣ ክፍል ውስጥ ሰው ሲከራከር ስለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ከ5 ሦስት ተኩል። ግማሿን የሰጠሁት ለሃይሊ ጉቢ ንድፍ ነው፣ ቆርጠን ከሩምሜቴ አልጋ በላይ ለጥፈነዋል፣ ቀይ ባህር ያስነካንንም ካርታ አጠገቡ፣ ድንበሩን በሰማያዊ እስክሪብቶ አስተካክዬ። የጃንዋሪው ቅዳሜ ይገባል ብሎኛል ብሃያ፣ 20 ሩፒም መልስ አለኝ እሱ ጋ።