ለፍራክሽናል የበሽታ ሞዴል የትኛው ኑሜሪካል ሜተድ ይሻላል?

ጎንደር ውስጥ ቴሲስ የያዙ የማትስ ተማሪዎች ሞዴሉን ከጨረሱ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚጨነቁት በሜተድ ምርጫ ነው። መጨነቃቸውም ልክ ነው። ያልሆነ ሜተድ ይዞ መግባት ወራት ይበላል።

ምሳሌያችን ካላዛር ይሁን። መተማና ሁመራ ለእርሻ ሥራ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች በአሸዋ ዝንብ ተነክሰው ይያዛሉ። ሕመሙ እስኪታይ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 ወር ይወስዳል። ዛሬ ሐኪም ቤት የመጣው ሰው የተያዘው ከወራት በፊት ነው። ብዙዎች ያለፈውን የሚያስታውስ ዴሪቬቲቭ፣ ማለትም ፍራክሽናል ዴሪቬቲቭ የሚመርጡት ለዚህ ነው፤ ኦርደሩ ሙሉ ቁጥር ሳይሆን እንደ 0.9 ያለ ሲሆን አልፋ ይባላል። ማስታወስ ግን ዋጋ አለው። በየስቴፑ፣ ማለትም ጊዜው በተቆራረጠበት በእያንዳንዱ ትንሽ እርምጃ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያለውን ሁሉ መደመር ያስፈልጋል። አንድ ዓመትን በ0.1 ቀን ስቴፕ ብትሄዱ 3650 ስቴፕ ነው። ለአንድ ኢኩዌሽን ብቻ የሚደመረው ከ6.6 ሚሊዮን ይበልጣል።

ለጀማሪ ቀላሉ ግሩንዋልድ-ሌትኒኮቭ ነው። ኮዱ ጥቂት መስመር ነው። ያለፈው እያንዳንዱ ዋጋ በአንድ ክብደት ተባዝቶ ይደመራል፤ የመጀመሪያው ክብደት 1 ነው። ቀጣዩን ለማግኘት አልፋ ላይ 1 ደምሩ፣ ለተራ ቁጥሩ አካፍሉ፣ ውጤቱን ከ1 ቀንሱ፣ ከዚያ በቀደመው ክብደት አባዙ። አልፋ 0.9 ከሆነ −0.9፣ ከዚያ −0.045፣ ከዚያ −0.0165 ይመጣል። ትዝታው እንዴት እየደበዘዘ እንደሚሄድ በዓይን ይታያል። ካፑቶ የሚባለውን የፍራክሽናል ዴሪቬቲቭ ዓይነት የምትጠቀሙ ከሆነ የመነሻውን ዋጋ መጀመሪያ መቀነስ አትርሱ። ድክመቱ ትክክለኛነቱ ነው፤ ስቴፑን በግማሽ ብትቀንሱ ስህተቱም በግማሽ ብቻ ይቀንሳል።

ኤል-1 የሚባለው ሜተድ በትክክለኛነት በመጠኑ ይሻላል። አልፋ 0.9 ሲሆን ግን ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም።

እኔ የምመርጠው በ2002 ዲትሄልም፣ ፎርድና ፍሪድ ያወጡትን ፕሪዲክተር-ኮሬክተር ነው። መጀመሪያ ይገምታል፣ ቀጥሎ ግምቱን ያርማል። ለአልፋ 0.9 ነገሩ ሁሉ ለስላሳ ከሆነ ስቴፑ በግማሽ ሲቀንስ ስህተቱ ወደ 3.7 እጥፍ ያህል ይቀንሳል። በእርግጥ የእነዚህ ሞዴሎች መፍትሔ ዜሮ ሰዓት አካባቢ ለስላሳ ስላልሆነ ሁልጊዜ ይህን ያህል አታገኙም። ቢሆንም ለዓመት ሙሉ ሞዴል ከዚህ የተሻለ ልፋትና ውጤት የሚመጣጠንበት አላየሁም።

መልሱን በተከታታይ ድምር የሚጽፉት የአዶሚያንና የሆሞቶፒ ሜተዶች ወረቀት ላይ ያምራሉ። የተከታታይ ድምሩን ጥቂት ተርሞች ብቻ ይዛችሁ ግን ከመነሻው ስትርቁ ውጤቱ ይበላሻል። ለጥቂት ቀን ካልሆነ በቀር ለወረርሽኝ አልመክራቸውም።

የሕመምተኛ ቁጥር ኔጌቲቭ እየወጣ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ኖን-ስታንዳርድ ፋይናይት ዲፈረንስን ሞክሩ። ስቴፑ ትልቅ ቢሆንም ቁጥሩ ከዜሮ በታች እንዳይወርድ ተደርጎ ሊሠራ ይችላል።

ከሜተዱ በፊት ግን ዴሪቬቲቩን ምረጡ። በ2015 የመጣው ካፑቶ-ፋብሪዚዮና በ2016 የመጣው አታንጋና-ባሌኑ ብዙ ወረቀት ላይ አሉ። እነዚህ ዴሪቬቲቮች ዜሮ ሰዓት ላይ ዋጋቸው ዜሮ ነው። ስለዚህ የኢኩዌሽኑ ቀኝ እጅም በዚያ ሰዓት ዜሮ መሆን አለበት። በመጀመሪያው ቀን በሽታ የሚተላለፍበት ሞዴል ይህን አያሟላም። ለዚህ ካፑቶ ላይ መቆየት ይሻላል እላለሁ። ዩኒቱንም አስተካክሉ፤ በቀን የተለካ መጠን ሁሉ በአልፋ ፓወር ከፍ ካላለ የግራና የቀኙ ዩኒት አይገጥምም፣ ዲፌንስ ላይ መጠየቁም አይቀርም።

ሶፍትዌርን በተመለከተ ማትላብ ላይሰንሱ ገንዘብ ይጠይቃል። ካላችሁ ጋራፓ የጻፈው ኤፍዲኢ12 የሚባል የፍራክሽናል ኢኩዌሽን ኮድ በነፃ ይገኛል፤ ረጅሙን ድምር በኤፍኤፍቲ ስለሚያፋጥነው ላፕቶፓችሁ አይንገላታም። ከሌላችሁ ኦክቴቭ ወይም ፓይተን ይበቃል። መብራት ድንገት ስለሚሄድ በየተወሰነ ስቴፑ ውጤቱ ፋይል ላይ ይቀመጥ።

የትኛውንም ብትመርጡ መጀመሪያ መልሱ በሚታወቅ ነገር ፈትኑት። የy ፍራክሽናል ዴሪቬቲቭ ከ−y ጋር እኩል የሆነበት፣ መነሻውም 1 የሆነ ኢኩዌሽን መልሱ የሚታግ-ሌፍለር ፈንክሽን ነው። ከገጠመ ወደ ካላዛሩ ሂዱና ስቴፑን ግማሽ አድርጋችሁ ደግማችሁ አስኪዱት። የበሽታው ጫፍ የሚወጣበት ቀን ከተንሸራተተ ስቴፑ ገና ትልቅ ነው።