የጣሪያ ማጠናከሪያ አገልግሎት በደብረ ብርሃን

የደብረ ብርሃን ነፋስ በሰዓት 119 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሚነፍሰው የአትላንቲክ ውቅያኖስ ከባድ አውሎ ነፋስ (ሃሪኬን) ጋር ባይወዳደርም፣ ቆርቆሮ የሚነቀልበት መንገድ ግን አንድ ነው፤ በጣሪያው ላይ የሚያልፈው ነፋስ ወደ ላይ ይስባል፣ በተከፈተ በር የገባው ደግሞ ከውስጥ ይገፋል። ቤታችንን ያጠናከሩልን የከተማው ባለሙያዎች ይህን በሚገባ የተረዱ በመሆናቸው፣ ወራጁን በሚስማር ብቻ ከመተው ይልቅ በብረት ማሰሪያ ከግድግዳው ጋር ጠፍረው፣ ነፋስ አስቀድሞ የሚያነሣውን የጣሪያ ጠርዝና ማዕዘን ጎማ ባለው ብሎን አጥብቀው ሠርተዋል። ዋጋው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቀላል አይደለም። ቅር ያሰኘኝ ከግድግዳው አልፎ የሚወጣው የጣሪያ ክፈፍ ጉዳይ ነው፤ ረጅም ክፈፍ ግድግዳን ከዝናብ ቢጠብቅም ለነፋስ እጀታ ይሆናል፣ እነርሱ ግን ባለቤቱ ካልጠየቀ በቀር ስለ ማሳጠሩ አያነሡም።