«ትንሽ ትራፍል ልጨምርልዎት?» ሲሏችሁ ዋጋውን ጠይቁ

ሎንዶን ላላችሁና እንግዳ ለምትጋብዙ ሁሉ፦ የሼፉ ስም በር ላይ በትልቁ የተጻፈበትን ምግብ ቤት ተጠንቀቁ። የትናንት ማታው ንዴት ገና አልበረደልኝም።

ከአዲስ አበባ ለመጣው ታላቅ ወንድሜ ሁለት ቤቶች አወዳድሬ ነበር። አንዱ ባለቤቱ ራሱ ምድጃው ላይ የሚቆምበት፣ ኮከብ የሌለው ቤት ነው። ሌላው በቴሌቪዥን የምናውቀው ሰው ስም ያለበት፣ የሚሽሊን ኮከብ (የሚሽሊን መመሪያ ለምርጥ ምግብ ቤቶች የሚሰጠው ደረጃ) የተሰጠው። ስሙ አሸነፈ። የቀረውን ታውቁታላችሁ፤ ቦታ ለመያዝ የባንክ ካርድ ቁጥር፣ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ የእያንዳንዱን ሳህን የትውልድ ታሪክ የሚያነበንብ አስተናጋጅ።

ፓስታው ሲቀርብ አስተናጋጁ ትንሽ የእንጨት ሳጥን ይዞ መጣ። ክዳኑን አነሣና የተጨማደደ ድንች የመሰለ ነገር አሳየን። «ከጣሊያኗ ከተማ ከአልባ የመጣ ነጭ ትራፍል ነው፤ ትንሽ ልጨምርልዎት?» አለው ወንድሜን፣ የቤቱ ስጦታ በሚመስል ፈገግታ። ወንድሜ የቀረበለትን የሚገፋ ሰው አይደለም፤ አመስግኖ ተቀበለ። ሰውየው መፋቅ ጀመረ። ይፍቃል፣ ያየናል፣ ይፍቃል። «በቃ» እስኪባል እየጠበቀ ኖሯል። እኛ ጋ እንግዳ በቃ ሲል ጋባዥ ይጨምራል እንጂ፣ እንግዳ ዝም ባለ ቁጥር ሒሳብ አይቆጠርበትም። ከዚያ ወደ እኔ ሳህን ዞረ።

ሒሳቡ ሲመጣ ለትራፍሉ ብቻ 140 ፓውንድ! ሳጥኑን ወደ ወጥ ቤት መልሰው በግራም መዝነውታል። በዚያ ላይ 15 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ።

ትራፍል ከዛፍ ሥር፣ መሬት ውስጥ የሚበቅል፣ በሠለጠነ ውሻ የሚፈለግ የእንጉዳይ ዘር ነው። ነጩን ማልማት እጅግ አስቸጋሪ ስለሆነ ውድ ነው፤ ይሁን። ታዲያ ዋጋውን አፍ አውጥቶ መናገር ምን ይከብዳል? ኃላፊዋን አስጠራሁ። ከምግብ ዝርዝሩ ግርጌ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን «በገበያ ዋጋ» የሚል መስመር በጥፍሯ አሳየችኝ። ቀጥላም ቋንቋ የማንሰማ ይመስል ቃላቱን እየነጣጠለች፣ «እንዲህ ዓይነት ቤት ሲመጡ የመጀመሪያዎ ነው?» አለች። ወንድሜ እንግሊዝኛ ሲያስተምር ነው ጸጉሩ የሸበተው። አጠገባችን ያሉት ዞረው አዩን።

ሼፉስ? ሌላ አገር ሌላ ቤት እየከፈተ ነው ተባልን። ኮከቡም ቢሆን የቤቱ እንጂ የሰውየው አይደለም። የታዋቂውን ሼፍ የጎርደን ራምሲን ስም የያዘውን ባለሦስት ኮከብ ቤት (እኛ የሄድንበት እርሱ አይደለም) ወጥ ቤቱን ለዓመታት የመራችው ክሌር ስሚዝ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2017 «ኮር» የተባለ የራሷን ምግብ ቤት ከፍታ በ2021 ሦስት ኮከብ ስታገኝ ነው ብዙ ሰው ስሟን የሰማው። ስለዚህ ቦታ ከመያዛችሁ በፊት ማን እንደሚያበስል ጠይቁ።

የአገልግሎት ክፍያው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ግዴታ አይደለም፤ አንሡልኝ ማለት ትችላላችሁ። እኔ አስነሥቻለሁ። 140ውን ግን ከፍያለሁ።