ማርቆስ ላለችው ሲስተር

ይህን የምጽፈው ልጄ ደረቴ ላይ ተኝታ በአንድ እጄ ነው። የፊደል ስህተት ካለ እለፉኝ።

ስሟን አልጽፍም፤ «እንዳትለጥፊኝ» ብላኛለች። ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትል ክፍል የምትሠራ አዋላጅ ነርስ ናት። እርጉዝ የሆናችሁ፣ እርጉዝ እህት ወይ ሚስት ያላችሁ፣ በውስጥ ጻፉልኝ። እጃችሁን ይዤ ነው የማደርሳችሁ።

ስምንተኛ ወሬ ሲገባ ፊቴ አበጠ። ቀለበቴ በሳሙና እንኳ አልወጣ አለ። ጎረቤቶቼ ቡና ላይ «ወንድ ነው፣ ወንድ ፊት ያበላሻል» አሉ። እኔም ደስ ብሎኝ ዝም። ቀጥሎ ራስ ምታቱ መጣ። የሚፈልጥ።

የሄድኩበትን ክሊኒክ አልጠራም፣ ለፈጣሪ ትቼዋለሁ። ልጁ ስልክ እያወራ በሹራቤ ላይ ግፊቴን ለካ። ደም ወሰዱና «ታይፎይድና ታይፈስ» ተባልኩ። መቼም እኛ አገር ራሱን ያመመው ሁሉ ታይፎይድ ነው! ኪኒን በፌስታል ተሸክሜ ወጣሁ። በሳምንቱ «ዓይኔ ብዥ ይልብኛል» ብዬ ስመለስ «እርግዝና ነው፣ ስትወልጂ ይለቅሻል» አሉኝ። ሽንት ስጪ ያለኝ ሰው የለም። ሁለቴም አስከፍለውኛል። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። የክትትል ቀጠሮዬን መዝለሌ ደግሞ የራሴ ጥፋት ነው፣ አልክድም።

እህቴና እማዬ ጎትተው ሲስተር ጋ ወሰዱኝ። ዓርብ ከሰዓት ነበር፣ ሰው ሁሉ ጋዋኑን የሚያወልቅበት ሰዓት። እሷ ግን አላባረረችንም። «መጀመሪያ አረፍ በይ» አለችኝ። ከዚያ እጅጌዬን ሰብስባ በባዶ ክንዴ ለካች። ቆየት ብላ ደገመች። 170 በ110። ሽንት አስመጣችኝና አንዲት ቀጭን ወረቀት ነከረችበት። ቀለሟ ሲቀየር ለእኔም አሳየችኝ። «ይሄ ፕሮቲን ነው እናቴ። ኩላሊትሽ ማሳለፍ የሌለበትን እያሳለፈ ነው።»

ኩላሊት ስትል ጉልበቴ ከዳኝ። እኛ ኩላሊት ሲባል የምናውቀው ዲያሊሲስ ነው፣ «እርዱን» የሚል ፎቶ ነው። እጄን ያዘች። «ከእርግዝናው ጋር የመጣ ግፊት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከወለዱ በኋላ ኩላሊቱ ይመለሳል። ዛሬ ግን ቤትሽ አታድሪም» አለችኝ። ያቺን የእጅ አያያዝ አልረሳትም።

እማዬ ይሄኔ የራሷን የግፊት ኪኒን ከመቀነቷ ፈትታ «ይሄን ትዋጥ» አትል መሰላችሁ! ኢናላፕሪል። ሲስተር ስትቆጣ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። «እማማ፣ ለእርስዎ መድኃኒት ነው። በማኅፀን ላለ ልጅ ግን ኩላሊቱን ይጎዳል፣ እንዳይሰጧት።»

አምቡላንስ ጠርታ ሆስፒታል ድረስ አብራን ሄደች። ግዴታዋ አልነበረም። እዚያ የደም ውጤቴ ሲመጣ ኩላሊትን የሚያሳየው ቁጥር 1.2 ነበር። አንዱ ወረቀቱን አይቶ «ይሄስ ደህና ነው» አለ። እሷ ቀስ ብላ «እርጉዝ ናት እኮ» አለችው። በእርግዝና ጊዜ ኩላሊት ከወትሮው በላይ ስለሚያጣራ ቁጥሩ ዝቅ ማለት ነበረበት፤ ለሌላ ሰው ደህና የሆነው ለእኔ ደህና አይደለም። ይህን በኋላ ነው ያስረዳችኝ። እንዳያንቀጠቅጠኝ ብለው እንደ እሳት የሚያቃጥል መርፌ ወጉኝ። ሌላውን አላውቀውም፣ አልጠየቅኩምም።

በ35 ሳምንቴ ወለድኩ። ሴት! ፊቴን ያበላሸው ወንድ የት እንደገባ ጎረቤቶቼን ጠይቁልኝ።

አልቋል ስል አላለቀም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ በነጠላዋ፣ መለኪያውን በቦርሳዋ ይዛ ቤቴ መጣች። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብላ፣ ገንፎውን ሳትቀምስ ግፊቴን ለካች። ለካ ግፊቱ ከወሊድ በኋላም ሊነሳ ይችላል። ሦስት ወር ሙሉ እየደወለች ቀጠሮ አስታወሰችኝ። በሦስተኛው ወር ሽንቴን አየችና «ፕሮቲኑ ጠፍቷል» አለችኝ። ባይጠፋ ኖሮ ወደ ኩላሊት ሐኪም ልትልከኝ ነበር። አልቅሼ አስለቀስኳት። ግፊትሽን በየዓመቱ ተለኪ፣ ደግሞ ስታረግዢ ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት ነይ፣ ሐኪም ካዘዘ ግፊቱ እንዳይደገም የሚረዳ አስፒሪን አለ ብላኛለች።

ገንዘብ ብሰጣት አልቀበል አለች። እማዬ ማር ይዛላት ሄደች፣ እሱንም ለክፍሉ ሠራተኞች አካፈለችው። እባካችሁ፣ ፊታችሁ ካበጠ፣ ራሳችሁን ካመማችሁ፣ ዓይናችሁ ብዥ ካለ አትቀመጡ። ሽንቴን እዩልኝ በሉ። ሲስተር ጋ ሂዱ።

እማዬ አሁን የራሷን ግፊት የምትለካው እሷው ጋ ነው። ገና በር ላይ ሹራቧን ታወልቃለች።